በረዶ ሥር የተገኘ ቃል

አባቴ መቃብር ቆፋሪ ነበረ፣
ሳፎክ ውስጥ፣ ባሕሩ ዳርቻውን እየላሰ በሚበላበት፣
የደወሉ ማማ ወደ ረግረጉ ባዘነበለበት።
ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት
በረዶው አጥር ዋጠ፣ ደጃፍ ደፈነ፤
ወፍ ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ድንጋይ ሆነ።
ጄቤዝ ጋሮድ የሞተው ያን ሰሞን ነው።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

«ሲሊ ጄቤዝ» ነበር ስሙ በመንደሩ።
ሲሊ ማለት በእኛ አፍ
ቂል፣ ተላላ፣ ነገር የማይገባው፣
ለጨው ተልኮ ቁልፍ ገዝቶ የሚመለስ።
እናት ልጇን ትገሥጽበታለች፣ ጫማውን ግራ ቀኝ ሲያዛውር፤
ኮረዳ እየሳቀች ትለዋለች የወደደችውን፣ በዳንስ ማግስት፤
አዲስ ባርኔጣም ሲሊ ነው፣ ላባው ከበዛበት።
ቀላል ቃል፣
ኪስ ውስጥ እንደሚንኮሻኮሽ ሳንቲም።

ጄቤዝ ረግረጉ ዳር ለሚቆም ባለረጅም እግር ወፍ
ቆቡን ያነሣ ነበር፣ «አጥማጅ ባልንጀራዬ» እያለ።
ስድስት እንቁላል ገዝቶ አንዱ ቢሰበርበት
የሰባት ይከፍላል፣ ዶሮዋ እንዳይከፋት።
በጥር መጨረሻ የሠራውን ግን
መጠጥ ቤቱ አሁንም ያወራዋል፦
ፕራይክ እርሻ መሐል የቆመውን የገለባ ሰው፣
የወፍ ማስፈራሪያውን አየና አሳዘነው፤
«በርዶታል» አለ፤ ካፖርቱን አለበሰው።
በሦስተኛው ቀን ሳል፣ በሰባተኛው ሞት።
ያለቀሱትም ሳቁ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፦
«ሲሊ!» አሉ፣ «ሲሊ ተወልዶ ሲሊ ሞተ።»

አፈሩ ብረት ሆነ፤ ዶማ ሲያርፍበት ይጮኻል።
ለአባቴ ከካምፑ ምርኮኛ ላኩለት፣
ጀርባው ላይ እራፊ የተሰፋበት፣
ኤቫልት የሚሉት የሊዩቤክ ዳቦ ጋጋሪ።
እንግሊዝኛው እፍኝ አይሞላም።
«ለማን?» አለ፣ ጉድጓዱን እያሳየ።
«ለሲሊ ጄቤዝ» አለው አባቴ፣ ቀና ሳይል።
ሰውየው ዶማውን አስቀመጠ፤ ቆቡን አወለቀ።
«ዜሊግ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዜሊግ ጄቤዝ»፣
እንደ ጸሎት።
አባቴ ተቆጣ፣ ያፌዘ መስሎት።

መብራት በጠፋበት ማታ ነገሩን ለመምህሬ ነገርኳት።
ሚስ ትራይፊና ወፍራሙን መዝገበ ቃላት
ሻማ አስጠግታ ገለጠች፤
ጣቷ ሲወርድ፣ ሲወርድ ቆይቶ ቆመ።
«የእነሱ ዜሊግና የእኛ ሲሊ» አለች፣
«የአንዲት እናት ልጆች ናቸው።
ያኛው እቤቱ ቀረ፣ ብፁዕ እንደተባለ፤
ነፍሱን ይማር ለሚሉት ሟችም ይሉታል።
የእኛው ነው መንገድ የወጣ።
ድሮ ሲሊ ማለት የታደለ፣ እግዜር የባረከው፤
የተባረከ ክፋት አያውቅም ብለው፣ የዋህ አሉት፤
የዋህን ሁሉ ይበድለዋልና፣ ምስኪን፤
ምስኪን ጉልበት የለውምና፣ ደካማ፤
ደካማ ምን ያውቃል ብለው፣ ቂል።
ማንም አልገፈተረውም» አለች፣ መጽሐፉን ስትዘጋ፣
«እጁን ይዘን፣ እያዘንንለት፣
ደረጃ በደረጃ አወረድነው።»

ይህን ለአባቴ ስነግረው ዝም አለ።
በማግስቱ ትንባሆውን ለኤቫልት አካፈለ፣
ጉድጓዱንም
ከታዘዘው አንድ ክንድ ጨምሮ ቆፈረ።

በሚያዝያ፣ በረዶው ቀልጦ ጎርፉ ሲሸሽ፣
ፕራይክ ካፖርቱን ሊያወልቅ ወረደ፤
ጥሩ ሱፍ ነው፣ ይሸጣል ብሎ።
እኔ ከአጥሩ ወዲያ ነበርኩ።
እጁን ግራ ኪሱ ሰደደና ደንግጦ መለሰ፦
ድንቢጥ አራት እንቁላል ጥላበታለች።
ግራ ቀኙን አየ። ሰው የለም።
የፈታውን ቁልፍ አንድ በአንድ መልሶ ቆለፈ፣
ኮሌታውን ወደ ላይ አነሣለት፣
«ሲሊ» አለ፤
ማንን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።