ከእራት የቀረው

ፉታ ጃሎን ላይ ነው፣ ጊኒ ደጋ አገር፤
ጤፍ የሚሉት እህል፣ አያውቁም ሲነገር።
ፎንዮ የሚሏት አለች፣ ደቃቅ እንደ ትቢያ፣
አንዴ ከፈሰሰች፣ የማትለቀም ወዲያ።
ሌላው አዝመራ ሁሉ፣ ገና እሸት ሳይዝ፣
ቀድማ የምትደርስ፣ ለጎተራው ትካዝ።

በእግር ትወቃለች፣ እየተደነሰ፣
ባዶ መሬት ላይ ነው፣ አቧራው እየጨሰ፤
አሸዋው ከፍሬዋ፣ መልኩ ተመሳስሎ፣
አብሮ ይገባል ቤት፣ እኔም ዘር ነኝ ብሎ።

ዳላንዳ ሙሽራ፣ በገባች ሦስት ቀን፣
ቅል ሰጧት፣ "ለእራት፣ ፎንዮ እጠቢልን።"
ጎረቤት ተኮልኩሏል፣ ጥግ ጥጉን ይዞ፣
ወሬውን ሊያደርስ፣ ገና ከአሁኑ ጓጉቶ።
(በእኛ አገር ወረኛ፣ ጤፍ ይቆላል ሲባል፣
እዚያ ያለ ምላስ፣ ፎንዮ ይቆላል።)
አንዲት የአሸዋ ፍሬ፣ ከጥርስ ላይ ከጮኸች፣
"የማን ልጅ ናት?" ተብላ፣ ከነእናቷ ታማች።

ቅሉን ዘንበል፣ ቀና፣ ዘንበል፣ ቀና አርጋ፣
ቀላሉን አሳልፋ፣ ከባዱን ፈልጋ፣
ሰባቴ አጠበችው፤ ቆጥረዋል ሴቶቹ፤
ስምንት ላይ ሳትደርስ፣ ዛሉባት ክንዶቹ።

በእንፋሎት በሰለ። የኦቾሎኒ ወጥ ፈሰሰበት። ቀረበ።
ኔኔ ዲያራዬ፣ አማት፣ በእጇ ጠቅልላ፣
ቀድማ ጎረሰች፣ እንደ ወጉ፣ ተደላድላ።

ቀጭ።

ሌላ ሰው አልሰማም። ዳላንዳ ሰማች።
የአሮጊቷ መንጋጋ ቆመ።
ሴቶቹ ፊቷን አዩ፤
ዳላንዳ የምጣዱን ጥላሸት አየች።
ከዚያ ኔኔ ዋጠች።
"ጨው" አለች፣ "ጨው ብቻ ጎድሎታል።"

ከዚያች ማታ ወዲህ፣ ሰባት የነበረው፣
ዐሥራ ሁለት ሆነ፣ ማንም ሳይጨምረው።
ከቅሉ ሥር የቀረ፣ የአሸዋ ጭላጩን፣
ከበሩ መቃን ሥር፣ ትደፋለች ሁሉን።
ዝናብ ይሸረሽረዋል፣ ዶሮ ይጭርበታል፤
ማታ ማታ ደግሞ፣ ጭብጥ ይታከልበታል።

ባሏ ሳይኩ ኮናክሪ ወርዷል፣ ወደብ ላይ፤
ከባሕር ማዶ የመጣ ሩዝ ይሸከማል፣
ፊደሉን በማያነበው ጆንያ።
"ነጭ ነው" ይላል በስልክ፣ "ቁርጥ ወተት ይመስላል፤
እሳት አያስፈጅም፣ ዞር ስትዪ ይበስላል።"
"አሸዋስ?"
"አሸዋ የት ያውቃል!"
"ማን አጠበው ታዲያ?"
"ማሽን።"
ዳላንዳ ታስባለች። ቅሉ ጭኗ ላይ ነው፣ ውኃው ገና አልረጋም።
"የማሽኑ አማት ማን ናት?"
ሳይኩ ይስቃል፤ መስመሩ ይቆረጣል።
እሷ ግን የምሯን ነበር።
ያንን ሩዝ ያጨደች አንዲት ሴት፣ ከውኃ ውስጥ ቆማ፣
ስሟን የማታውቀው፣ እሷም ስሟን የማታውቅ፣
ሌሊቱን በሙሉ ከዓይኗ አልጠፋም አለች።

በዘጠኝ ዓመቱ መጣ። በምሽት። በዝናብ ማግስት።
ከታክሲው አናት ላይ ሁለት ጆንያ አወረደ፣
አንዱን በትከሻው አርጎ ወደ በሩ ሄደ፤
ደፉ ላይ ሳይደርስ ተደናቅፎ፣
ከነሸክሙ ተንበረከከ።

"ምንድን ነው ይኼ ጉብታ? ስሄድ አልነበረም።"

ዳላንዳ ኩራዙን ዝቅ አድርጋ አሳየችው።
ሣር በቅሎበታል በአንድ ወገን። የልጆች ጣት ቆፍሮታል በሌላው።
"እራት ነው" አለች፣
"የዘጠኝ ዓመት እራት። ያልበላነው።"

ሳይኩ ዝም አለ። ቆየና ጆንያውን
ጤዛ እንዳይነካው ከጉብታው ላይ አስቀመጠው፤
ሩዙ ከአሸዋው ላይ ተቀመጠ፣ እንደ እንግዳ።

ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ ጥርስ ካለቀበት አፍ፦
"አንዷን ግን" አለች ኔኔ፣
"አንዷን እኔ በልቻታለሁ።"