አሥራ አንድ ነን

ከኢንቨርነስ ወጣን፣ ገና ሳይነጋጋ፣
የእሑድ ካፊያ መስኮቱን ሲወጋ።
የአጥሩ በር ጋ ስንደርስ ኢሽቤል ቆመችና
ጣቷን ቀስራ ቆጠረች፣ አንድ በአንድ፣ በጥሞና፤
"አሥራ አንድ ነን፤" አለች፣ "ቁጥሩን አትርሱ።
ጉሙ ሰው ይበደራል፤ ያስቸግራል መመለሱ።"
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ያደለች ናት፤
ስም ያልተጻፈበት ነገር አይዋጥላት።

ፈርጉስ አለ፤ የሰው ጥርስ ሲነቅል ኖሮ ኖሮ፣
የገዛ ጉልበቱ መንቋቋት ጀመረ ዘንድሮ።
ዳግማራ አለች፤ ከዓሣ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ፣
ድንጋይ ባገኘች ቁጥር ሸለብ አድርጓት የምትነሣ።
እኔ ከኋላ ነኝ፤ በተዋስኩት ጫማ፣
ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ እግሬ ከሱ እንዲስማማ።

የመጀመሪያው ሎክ የወፎቹ ይባላል።
አንድም ወፍ የለበትም። "ስሙ ራሱ ይበቃል፣"
አለ ፈርጉስ። ውሃው ሻይ ይመስላል፤ እጄን ስነክረው
ብርዱ ክንዴን አልፎ ጥርሴን አነጋገረው።

ረግረጉ
እንደ ጥጃ
እግር ይጠባል፣ በድምፅ።
ስትነቅለው ያለቅሳል።

ሁለተኛው ሎክ ከገደል ሥር ተሸጉጧል፤
አረንጓዴ ነው ሲሉኝ ጥቁር ሆኖ አፍጥጧል።
ነፋስ ሲያልፍበት ብቻ ለአንድ አፍታ ይገለጣል፣
እንደ ኮስታራ ዳኛ ፈገግ ብሎ፣ መልሶ ይቆጣል።

ሦስተኛው ስም የለውም፤ ካርታው ላይ ጠብታ ነው፣
ዙሪያውን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት የፈጀው።
እዚያ በላን፤ የረጠበ ዳቦ፣ እንቁላል፣ የተጨፈለቀ ሙዝ፣
ሾርባው በአንድ የቴርሞስ ክዳን ከእጅ ወደ እጅ ሲጓዝ።

ከዚያ ጉም መጣ።
አልወረደም፤ ከሥር ነው የወጣ፣
የፈላ ድስት ክዳኑ እንደተነሣ።
የፊቴ ሰው ቦርሳ ቢጫ ነበር፤ ግራጫ ሆነ፤
ከዚያ የእርምጃ ድምፅ ብቻ።

ጫፉ ላይ መድረሳችንን ያወቅነው
ዳገቱ ስላለቀ ነው።
ነጭ ነው ሁሉም፤ መሐሉ ላይ ክምር ድንጋይ፣
እያንዳንዱን ያኖረው አንድ ሰው ነው፣ እንደኛ ባለ ጉዳይ።
"ከኋላ ያለሽው፣ ቁጠሪ!" አለች ኢሽቤል ጮኻ።

ቆጠርኩ። አሥር።
ደግሜ ቆጠርኩ፤ በኮፍያ፣ በትከሻ፣ በሳል።
አሥር።
ዳግማራ? አለች፣ ክምሩን ተደግፋ። ፈርጉስ? ይኸው ያጉረመርማል።
ሆዴ ባዶ ሆነ። የወፎቹ ሎክ፣ ጥቁሩ፣ ስም የለሹ፣
በየተራ ዓይኔ ላይ መጡ፤ እንደ ጉድጓድ አፍ ሲሸሹ።
"ሰው ጎድሏል!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን ጉሙ ዋጠው።
ኢሽቤል ከነጩ ውስጥ ወጣች፣ እጇ ክንዴን ጨበጠው፤
ቆጠረች፣ ሳትቸኩል፣ እንደምታድል ፖስታ፣
መጨረሻ ደረቴ ላይ ጣቷ አረፈ፣ በዝግታ።
"አሥራ አንድ።"

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ፈርጉስ ነው የጀመረው።
ራሱን ሳይቆጥር ለጠፋ ባልንጀራ ሙሾ ያወረደው ሰው፣
ልጅ ሆኜ በተረት የሳቅኩበት፣
ለካ እዚህ ኖሯል፣ በተውሶ ጫማ።
አራት ዓመት በአረጋውያን ቤት የሰው ክኒን ስቆጥር ውዬ፣
ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ ብዬ፣
አንድም ቀን አልጎደለብኝ።

ስንወርድ ጉሙ ለቅጽበት ተቀደደ፤
ሦስቱም ታዩ፤ ብርሃን በላያቸው ሄደ።
ፈርጉስ ካሜራውን ሲፈልግ ተዘጋ።

በሩ ጋ ኢሽቤል ቆመች። ጣቷን ገና ሳትቀስር
"አንድ" አልኩ፣ እኔ።
ዳግማራ እያዛጋች "ሁለት"፤
ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ፣ እንደ ሾርባው ክዳን፣
ፈርጉስ ጉልበቱን እያሸ አሥራ አንድ እስኪል፤
ሞተሩም ተነሣ።