ከአምስት ሦስት

ቂርያት ጋት፣ ከፎቁ ሥር፣ የመጠለያው ጓዳ፣
አምስት ወንበር፣ አንድ አምፖል፣ እርጥበት በግድግዳ።
የዕድሩ ሸቀል የሚቆለፈው በረጅም ቁጥር ነው፤
ጥያቄው አንድ ነበር፦ ቁጥሩን ማን ይያዘው?

ፈንታነሽ ዝም። የአምናው ገንዘብ ያዥ ባሏ ነበር፤
«ጎደለ» አለ ሰፈሩ፣ ማንም ሳይቆጥር።
እሱ ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት አልዘለቀም።

ብርቄ፣ «ልጄ ይያዘው።» «ልጅሽማ ቁማርተኛ፣»
አለ አዛኑ እየሳቀ፤ ሳቁ ቀልድ፣ ቃሉ እውነተኛ።
ካሳው ራሱን ነቀነቀ፤ ለሁሉም ይነቀንቃል።
«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» አልኩኝ እኔ ማማይ፤
ታዲያ ማን ሞቶልን ነው የሚታመን እዚህ ላይ?

ኦሽራት፣ የአዛኑ ልጅ፣ ቆማ ስትሰማ ቆየችና
«ማንም አይያዘው» አለች፤ «እኔም አልይዘው፤ ገና
አልተወለደም ቁጥሩ።»

በመብራት ደረሰኝ ጀርባ
አምስታችን ቁጥር ደበቅን፣ እንደ ስለት፣ በየልባችን፤
ከቁጥራችን አስነሥተን ጎባጣ መስመር አሰመርን፤
ከመስመሩ ላይ ለቅመን ለያንዳንዱ ነጥብ ሰጠን።
ሁሉም የደረሰውን ደምሮ ወረቀቱን አጠፈ።
ቁልፉ፣ የድብቆቹ ድምር፣ ተወለደ ማለት ነው፤
ደማሪ የሌለው ድምር፤ እናቱም አላየችው።
ሁለት ሰው ተማምሎ ሌሊቱን ሙሉ ቢያሰላ
ጨለማ ነው የሚያገኘው፣ ካልጠራ ሦስተኛ ሌላ።

መፈተሻም ነበረው። የብርቄ ነጥብ አልገጠመም።
«ሰባቱን አንድ አደረግሁት፣ ዓይኔ ነው» አለች።
ዓይኗ ይሁን እጇ፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤
ኦሽራትም አልጠየቀች። ሒሳብ ሰው አይከስም።
እንደገና ጻፈች።

በሐምሌ አዛኑ ሞተ። ድርሻው በኮቱ ኪስ ነበረ፤
ከልብስ ማጠቢያው ገብቶ ኖሮ ፍርፋሪ ሆኖ ቀረ።
ካሳው ቤር ሼቫ ሆስፒታል፣ አፉ በቱቦ ተይዟል፤
ለቀብሩ አውቶቡስ፣ ለለቅሶው ድንኳን ገንዘብ ያስፈልጋል።
ቀረን ፈንታነሽ፣ ብርቄ፣ እኔ፤
ስኳር እንኳ የማንበዳደር ሦስት ጎረቤታሞች።

ኦሽራት ለቅሶ ላይ ናት፤ ራሳችን አሰላነው፣
በብርቄ ስልክ፣ ሦስቴ ተሳስተን፣ በአራተኛው
ተከፈተ።

የብርቄን ወረቀት አየሁት፤ ሰባቷ ጥርት ያለች ሰባት፣
አንገቷ ላይ መስመር ያላት።

ፈንታነሽ ተነሣች። «ሄጄ ለባሌ ልንገረው።»
«ቁጥሩን?» አልናት ሁለታችን።
«ምን ቁጥሩን፤
ማንም እንዳልያዘው።»