ንፋ

ሳጅን ዘኪያ ናት፤ ካፖርቷ በስብሷል፣
ከባርኔጣዋ ጠርዝ ዝናቡ ይፈሳል።
ነጭ ቱቦ ሰክታ፣ ወደ አፌ አስጠግታ
«ንፋ» አለች በቀስታ።
ስንት ነገር ነፋሁ! ጉራዬን፣ ወሬዬን፣
በየድግሱ መሀል ሲያደርሱኝ ተራዬን፤
ይኼ ግን ይቆጥራል።

ከደሴ የመጣሁት ለነጂብ ሰርግ ነው፣
አራት ዓመት ሙሉ አንድ ዶርም የኖርነው።
የነጂብ ቤት መጠጥ ብርዝ ነው፤ ማርና ውሃ ነው፣
ሕፃን ከሽማግሌ እኩል የሚጠጣው።
ጠጣሁት። እውነት ነው።
ግን ሲመሽ፣ ሙሽራው አቅፎ ከሸኘን ወዲያ፣
ሦስት የዶርም ልጆች፣ ፈረንጅ አራዳ፣ እዚያ፣
እዚያም ቤት ማር ነበር፤
ጌሾ የገባበት፣ ሰንብቶ የበሰለ ማር።
አንደኛው ብርሌ ለነጂብ፣ ሁለተኛው ለሙሽሪት፣
ሦስተኛው ለዶርማችን፣ አራተኛው… እንጃለት።

የዋርሳዬን ቪትዝ፣ «አማ» የሚል ሰሌዳ፣
ይዤ ስጠመዘዝ በሄርማታ ጓዳ፣
ከሸራ ሥር ያደሩ በርጩማዎች መሀል
«ቀጭ!» አለ አንድ ነገር። መኪናው ቆሟል።
ሰው አልነበረም።
ሰው አልነበረም እያልኩ ነው ያነጋሁ፣
«ቢኖርስ?» የሚለውን ከግድግዳ ግድግዳ እየሸሸሁ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ የባጃጅ ልጅ፣ ጫማውን የተንተራሰ፣
«የየት ነህ?» አለኝ። «ደሴ» ስለው ስቆ ስቆ ተመለሰ፤
«ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በሰላም ነድተህ
ሁለት መቶ ሜትር አቃተህ?»

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው።
አራት ዓመት እዚህ ኖሬ የያዝኩት «አከም»ና «ሜቃ»፣
ሰላምታና ዋጋ፤ ለገበያ በቃ።
አስተርጓሚው ፍራኦል አጠገቤ ቆሟል፣
ገና ሳልናገር ጆሮውን አዘንብሏል።
«የጠጣሁት ብርዝ ነው» አልኩ ቀና ብዬ።
ፍራኦል አሻገረው፤
ሲሻገር ቀለለ።
ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣
ሌላው ፈገግ አለ።
በማር አገር ቆሞ ስለ ማር ይዋሻል?
ሰው እንኳ ቢያልፈው ንቡ ይታዘባል።

አባ ቢያ ተነሡ፣ የበርጩማው ጌታ፣
የተሰበረውን እግር እንደ ሕፃን ክንድ ይዘው በዝግታ።
«ይኼ ሦስት እግር አለው። መሬቱ ቢጎረብጥ፣
ጭቃም ላይ ቢያኖሩት ረግቶ ነው የሚቀመጥ።
ይኼ ልጅ አራት ጎማ ይዞ፣ አስፋልት ተነጥፎለት…»
አልጨረሱም። ተቀመጡ።
ቀሪውን ዝናቡ ጣሪያው ላይ ጨረሰላቸው።

ዳኛዋ መዝገቡን ትታ ቀጥ ብላ አየችኝ።
«አማንታ?» አለችኝ።
ፍራኦል አፉን ሳይከፍት ቃሉ ገባኝ።
ስንት ኬላ አልፌ፣ ስንት ገመድ ወርዶልኝ መጣሁ፤
ለማመን ለካ ኬላ የለውም፣
እዚያም ቤት፣ እዚህም ቤት ያው ማመን ነው።
«አምኛለሁ» አልኩ።
ፍራኦል ሊያሻግር ሲል
በእጇ «ተወው» አለችው።

ቅጣቱን ከፈልኩ። መንጃ ፈቃዴ ከመዝገቡ ጋር ቀረ።
ሁለት እግር የተረፈውን በርጩማ ገዝቼ፣ ታቅፌ፣
በማለዳ አውቶቡስ፣ መስኮት ተደግፌ፣
ጊቤን ስንወርድ ስልኬ ጠራ።
ወለላ ናት፣ ባለቤቴ።
ስሟም ማር ነው፤ ሰፈፍ የሌለው።
«ሁለት ቀን ሙሉ ምን ዋጠህ?»
«ሰርጉ ረዘመ» አልኳት። ስልክ ቱቦ የለው።
ዝም አለች።
ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ይዞታል፣
ሞተሩ ያቃስታል፤ እሷም የሰማችው መሰለኝ።
በርጩማው ጉልበቴ ላይ አንድ ጊዜ ተንገዳገደ።
«እስቲ» አለችኝ፣
«ተንፍስ።»