ስምንት ብር

የቆርቆሮ ሣጥን፣ ሦስት ጓጉንቸር ያለው፣
የባቡር ጋራዥ ሰው በትርፍ ሰዓቱ የበየደው፤
አንዱ ቁልፍ ከዚራ፣ ሮብሌ አንገት ላይ፣
አንዱ መጋላ ነው፣ ስንዱ መቀነት ላይ፣
ሦስተኛው ገንደ ቆሬ፣ ከአባ ጃራ ጓዳ፤
ሦስቱ ካልመጡ አይከፈት፣ ለሹምም ለባዳ።

በየወሩ አንድ ብር፣ ደመወዝ ሲወጣ፤
ለሲንጀር መግዣ፣ ለልጅ ትምህርት ጣጣ።
ደረቁ ደቻቱ አንድ ሌሊት ሞልቶ መጣ።

ጠዋት ከጭቃ ስናወጣው መዝገቡ ሙልጭ ብሏል፤
ስም የለ፣ ቁጥር የለ፣ ቀለሙን ወንዝ ጠጥቷል።
እኔ ጸሐፊው፣ ድምሩን ብቻ በቃሌ የያዝሁ፣
"ከእንግዲህ ማን ያምናል ዕዳውን?" አልሁ።

ቅዳሜ አሸዋው ላይ ባዶ ደብተር ዘረጋሁ።
ሮብሌ ቀደመ፦ "አርባ ብር አለብኝ፤"
ስንዱ፦ "መቶ ሃያ፣ ወለዱንም ጻፍብኝ፤"
አንዲት ሴት ደረሰች ነጠላ ዘቅዝቃ፣
ባሏን ገና ትናንት አግኝተው ከጭቃ፦
"የእሱ ሰባ አምስት ነው፤ በስሜ ጻፍ በቃ።"

ማታ ብደምረው ስምንት ብር በለጠ።
ማን ይሆን ከዕዳው አብልጦ ቃሉን የሰጠ?
"ስምንት ብር፣ ባለቤት አልባ" ብዬ ሳነብ በየጉባኤው
እጅ የሚያወጣ የለም፤ ጣሪያ ነው ሁሉም የሚያየው።