አራተኛው ጉርድ

ሸዋ በር ላይ ባለው ባጎቴ ፎቶ ቤት
አንድ ካርቶን ሙሉ አለ ያልተወሰደ ፊት፤
ቀብድ ከፍለው ሄደው በዚያው የቀሩ ናቸው፣
ያፈጣሉ ዝም ብለው ከነከረባታቸው።

እኔ ከነዚህ ነው መሳል የምማረው።
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ደጁን ሲያጥረው፣
ደንበኛም ሲጠፋ፣ መብራትም ሲሄድ፣
አንዱን አወጣለሁ፤ አራት ማዕዘን ጉርድ።

ዓይን ለካ መሀል ነው! ግንባር እየነሳሁ
ስንቱን የደሴ ሰው ጅል አርጌው ኖሬያለሁ።
ጆሮማ መከራ ነው፤ ላጲሴን ጨረሰው፤
ስንት አለኝ በጆሮው ጎመን ያበቀለ ሰው።

ከሁሉ አንዲት ሴት አለች፣ ሻሿ ሸርተት ያለ፣
አፍንጫዋ ብቻ እጄን ያታለለ፤
አርባ ጊዜ ሳልኳት፤ አርባዋም እሷ አይደለች፤
አንዷ አክስቷን መሰለች፣ አንዷ ልታስነጥስ ያለች።
አጎቴ እንድሪስ ይላል፦ «ካሜራው ባንድ ብልጭታ
የጨረሰው ፊት ነው፤ ወር ፈጀብህ፣ የኔ ጌታ!»

ትናንት ዝናብ ሲያባራ፣ ጃንጥላዋን ዘግታ
ገባች። ራሷ ገባች፣ በሩን በትከሻ ገፍታ።
«ፎቶዬ ይኖር ይሆን? አምና ነው የተነሳሁት።»
ስሟን ሳልጠይቃት ከካርቶኑ አወጣሁት።

ፈገግ ስትል ታዲያ አፍንጫዋ ዞረ፤
በፎቶው የሌለ ጥላ ከጎኑ ነበረ።
አርባ ጊዜ ሙሉ ያጣሁት እሱን ነው ለካ፣
ያጎቴ አምፖል ውጦት፣ እርሳሴ ሳይነካ።

«ቆጥሬ ልረከብ» አለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
«አራት ነበር እኮ!»
እርሳስ የጠጣ ጣቴን ከኋላዬ ደበቅሁት።

አራተኛው ደብተሬ ውስጥ በካሬ ተሰነጣጥቋል፤
ከጎኑ አርባ አንደኛው ወረቀት፣ ነጭ፣ ይጠብቃል።