የግድግዳ የሚሏት

«የግድግዳ» አሏት፣ ግድግዳ ሳይኖራት፤
ቋጥኝ ነው ያሳደጋት፣ ባሕር ነው ያጠራት።
ከሜኖርካ ደቡብ፣ ከጫፉ ፈንጠር ብሎ፣
አንድ ዝርግ ድንጋይ አለ፣ ፀሐይ ላይ ተንጋሎ።
የአየር ደሴት ይሉታል፤ ዛፍ የለው፣ ምንጭ የለው፣
ነፋሱ ነው ጌታው፣ ነፋሱ ነው ሎሌው።
መሐሉ ላይ ቆሟል አንድ የመብራት ግንብ፣
ነጭና ጥቁር ቀለበት የታጠቀ፤
ከሥሩ ይርመሰመሳል
ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር ሕዝብ።

ከላይዋ ከሰል ናት። ገልብጠው ሲያዩአት ግን፣
ሰማያዊ ቀለም አልብሷታል ሆዷን።
ለማንም አታሳይ፤
ድንጋዩ ብቻ ነው የሚያውቀው
የተሸከመችውን ሰማይ።

ኤውላሊያ ትመጣለች ሲጠባ ሚያዝያ፤
ዘንግ አላት፣ ክር አላት፣ ሚዛንና መለኪያ።
በሸምቀቆ ይዛ፣ መዝና፣ ትለቃለች፤
«ሰባት ግራም» ትላለች።
ቶፎል ጀልባውን አስሮ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይስቃል፦
«አባቴ መብራቱን ሲጠብቅ፣ እኔም ሕፃን ሳለሁ፣
ዳቦዬን ከእጄ ላይ ስትነጥቀኝ አይቻለሁ፤
ማን መዘናት ያኔ?
የተመዘንኩትስ በእሷ ዓይን፣ እኔ።»

በዋናው ምድርም ላይ ዘመድ ነበራት፣ ብዙ፤
መርከብ መጣ፤ ከመርከብ ድመት ወረደ ከነጓዙ፤
ከድመቱም ኋላ፣ ስንጥቅ የሚገባ ቀጭን ጥርስ።
ማን ለቅሶ ይድረስ?
እንሽላሊት ሲያልቅ ደወል አይደወልም፣
ስም ጠርቶ የሚያለቅስ፣ ዐፅም የሚለቅም የለም።
ዳቦው ተበላና ደሴቶቹ ቀሩ፣ ፍርፋሪ ለፍርፋሪ፤
እሷም የፍርፋሪ ላይ ኗሪ።

ጅራቷን ሲይዟት ለያዣው ትታ ትሄዳለች፤
ቁራጩ ሲፈራገጥ እሷ ከስንጥቅ ገብታለች።
ተረቱ እዚህ ቢያልቅ፣ ለልጅ ይነገር ነበር፤
ኤውላሊያ ያየችው ሌላ ነው፣ በድንጋዩ ዳር፦
የገዛ ወገኗ ሮጦ መጣና
ገና ያልሞተውን ጅራት ዋጠው፣
ሌላም ካለ ብሎ ዞር ዞር አለ።
ማስታወሻዋን ዘጋች። ቆይታ ግን ከፈተች፤
ማየት የጠላችውን በትንንሽ ፊደል ጻፈች።

መጋቢት ሲጋመስ የሚፈካ አበባ አለ፣
ፀጉራም፣ ሥጋ መሳይ፣ ሽታው ከበክት ያልተሻለ።
ዝንብ «ሬሳ ነው» ብሎ ይገባል፣ ይታሰራል፤
አበባው ደግሞ ይግላል፣ እንደ በሽተኛ ግንባር ይግላል።
እሷ በጠዋት ብርድ ከላዩ ትለጠፋለች፤
ሆዷን እያሞቀች ከደጁ ዝንብ ትለቅማለች።
ኋላ አንዲቱ ፍሬውን ቀመሰች፣ የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም፤
ሌላዋ አየቻት መሰል፣ ለመድገም አልሰነፈችም።
ዘሩ በሆዷ አልፎ ከጣለችበት በቀለ።
አትክልተኛ ነኝ አላለች፤
ዝንብ ፍለጋ ወጥታ፣ መስክ ዘርታ ገባች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። ግማሽ መንገድ ላይ፣
ከምሳው ቦርሳ ውስጥ፣ ከቲማቲሙ ልጣጭ ሥር፣
አንዲት ጥቁር ጭራ ተንቀሳቀሰች።
«ነገ እንመልሳታለን» አለች ኤውላሊያ፣ ደክሟት።
ቶፎል ወደቡን አየ። እዚያ ከመረብ ክምር ላይ
ዓሣ የሚጠብቁትን ድመቶች አሰበ፤
አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ አንዷማ የራሱ ናት።
ምንም አልተናገረ።
መሪውን አዞረ።
ለሰባት ግራም፣ የግማሽ ሰዓት ናፍጣ።

ከግንቡ ሥር ቦርሳውን ዘቀዘቀ።
ለአፍታ ቆመች፣ ሙቀቱ ባልወጣለት ኖራ ላይ፣
ከዚያም በተሰነጠቀው ግድግዳ
ገባች፤
ዞራም አላየች።